የዮርክ ስም ከየት መጣ? ወደየትስ ሄደ?

በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ ሁላችንም ትልቅ ትልቅ ነገር ማሰብ ጀምረን ነበር። አንዱ የናፖሌዎንን ጦርነት፣ ሌላው የስዊዝን ቦይ መቈፈር እንጻፍ ይል ነበር። ነገር ግን በክፍላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዓለም ካርታ ስንመለከት፣ ከመካከላችን አንዱ «ኒው ዮርክ ማለት አዲስ ዮርክ ማለት ከሆነ አሮጌው ዮርክ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር። አሮጌውን ዮርክ በእንግሊዝ አገር በስተሰሜን አገኘነው። ይሁን እንጂ ጣታችንን በካርታው ላይ ስናስኬድ በአውስትራልያ ጫፍ ኬፕ ዮርክን፣ በካናዳ በሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳር ዮርክ ፋክተሪን፣ በአሜሪካም ውስጥ ሌሎች ዮርኮችን አገኘን። እንግዲህ አንድ ስም ይህን ያህል አገር እንዴት ሊዞር ቻለ በማለት ነገሩን ከሥሩ ለመከታተል ቈረጥን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልን።

የዮርክ ከተማ የተቈረቈረችው በ71 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ የብሪታንያ አገረ ገዥ የነበረው ሮማዊው ኩዊንቱስ ፔቲልዩስ ኬሪያሊስ ዘጠነኛውን ሌጌዎን አስከትሎ ወደ ሰሜን ዘመተና ኡዝ እና ፎስ የሚባሉት ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ ምሽግ አሠራ። ምሽጉም ኤቦራኩም ተባለ። ቃሉ ግን ከሮማውያን ቋንቋ የተወለደ አይደለም። ከእነርሱ በፊት በአገሩ ይኖሩ የነበሩት ብሪታናውያን በኬልት ቋንቋ ስፍራውን ኤቡራኮን ይሉት ስለ ነበር፣ ሮማውያን የሰሙትን በራሳቸው አነጋገር አስተካክለው ወሰዱት እንጂ አዲስ ስም አላወጡለትም። ኤቡሮስ ከሚባል ሰው ስም የመጣ ነው የሚሉ ባይጠፉም፣ የቋንቋ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት ፍች «ዪው የሚበቅልበት ስፍራ» የሚል ነው። ዪው ቅጠሉ በክረምት የማይረግፍ፣ ዕድሜው በመቶዎች ዓመታት የሚቈጠር ዛፍ ነው። እንግሊዞች በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ስለሚተክሉት፣ በእኛ አገር በየደብሩ ዙሪያ እንደሚቆመው ጥድ ያለ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። እንጨቱ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ሲለምጡት የሚታዘዝ በመሆኑ፣ የእንግሊዝ ቀስተኞች ደጋናቸውን የሚሠሩት ከእርሱ ነበር።

ይህች ከተማ በካርታ ላይ የምትርቀንን ያህል በታሪክ አትርቀንም። በ211 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲምዩስ ሴቬሩስ በሰሜን ብሪታንያ ሲዋጋ ቈይቶ በኤቦራኩም ሞተ፤ እርሱም ዛሬ ሊቢያ በምትባለው አገር በሌፕቲስ ማግና የተወለደ የአፍሪቃ ሰው ነበር። ዘጠና አምስት ዓመት ቈይቶ፣ በ306 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ቆንስታንትዩስ በዚያው ከተማ ሲሞት፣ ወታደሮቹ ሌላ ሳይጠብቁ አብሮት የነበረውን ልጁን በዚያው አነገሡት። ይህ ልጅ የንግሥት እሌኒ ልጅ ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ነው። በመስቀል በዓል ከደመራው አጠገብ ቆመን የእናቱንና የእርሱን ስም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል፤ ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ ሊቃውንት በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት በእርሱ ጥሪ መሆኑንም ተምረናል፤ ከልጆቹም አንዱ፣ የአያቱን ስም የያዘው ቆንስታንትዩስ፣ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ የላከው ነው። ሆኖም ቆስጠንጢኖስ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ የተጠራው በዮርክ መሆኑን ከመካከላችን ያወቀ አልነበረም። ይህን ባነበብን ጊዜ መጽሐፉን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን ደግመን ተመለከትነው።

ሮማውያን በአምስተኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ከብሪታንያ ለቀው ከወጡ በኋላ፣ አንግሎች የሚባሉት ሕዝቦች ባሕር ተሻግረው መጡና በአገሩ ተቀመጡ። የከተማይቱን ስም ሰሙ፤ ፍቹን ግን አላወቁትም። «ኤቡር» የሚለው ድምፅ በገዛ ቋንቋቸው «ኤዮፎር» ከሚለው ቃል ጋር ተመሳሰለባቸው፤ ኤዮፎር ማለት የዱር ዐሣማ ነው። «ዊክ» ደግሞ መኖሪያ ወይም የንግድ ሰፈር ማለት ነበር። ሁለቱን ገጥመው ኤዮፎርዊክ አሏት። የዛፍ ስፍራ የነበረችው ከተማ በአንድ ጊዜ የዐሣማ ሰፈር ሆነች። ይህን ስናነብ ስቀን ነበር፤ ኋላ ግን ስናስበው የሚያስቅ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። ሰው የማያውቀውን ቃል ሲሰማ ባዶ ድምፅ አድርጎ መተው አይወድም፤ ከሚያውቀው ቃል ጋር አዛምዶ ትርጕም ይሰጠዋል። በዚህ ዐይነት ድምፁ ሲተርፍ ትርጕሙ ይጠፋል፣ የጠፋ መሆኑንም የሚያውቅ የለም። ንጉሥ ኤድዊን በ627 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት በኤዮፎርዊክ ሲጠመቅ፣ ከካህናቱም ሆነ ከሕዝቡ መካከል ስለ ዪው ዛፍ የሚያስብ ይኖራል ብለን አንገምትም።

ቀጥሎ የመጡት ከዴንማርክና ከኖርዌይ ወገን የሆኑት ቫይኪንጎች ናቸው። በ866 ዓ.ም. ከተማይቱን ያዙ፤ እነርሱም ኤዮፎርዊክ የሚለው ረዝሞባቸው ዮርቪክ ብለው ጠሯት። ቪክ በእነርሱ ቋንቋ የባሕር ወሽመጥ ማለት ነው፤ ከተማይቱ ግን ከባሕር ርቃ በወንዝ ዳር የተቀመጠች ናት። እንግዲህ ስሟ ለሁለተኛ ጊዜ የማይመለከታትን ትርጕም ተሸከመ ማለት ነው። የመጨረሻው የቫይኪንግ ንጉሥ ኤሪክ በ954 ዓ.ም. ቢባረርም፣ ቋንቋቸው ግን አብሮት አልወጣም። ዛሬም በዮርክ ብዙዎቹ መንገዶች «ጌት» በሚል ቃል ይጨርሳሉ፤ እንግዳ ሰው በር ማለት ነው ብሎ ይሳሳታል፤ በቫይኪንጎቹ ቋንቋ ግን መንገድ ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ ኮፐርጌት ነው፤ ፍቹም ጽዋ የሚሠሩ ሰዎች መንገድ ማለት ነው። ከ1976 እስከ 1981 ዓ.ም. የምድር ታሪክ መርማሪዎች ይህን ስፍራ ቢቈፍሩት የቫይኪንጎችን ቤቶች፣ የቈዳ ጫማዎችና ከእንጨት ጽዋና ሳሕን ሲጠረብ የወዳደቀ ትራፊ አገኙ። አንድ ሺህ ዓመት ሙሉ ስሙ የተናገረውን አፈሩ መሰከረለት። በእኛ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ታሪክ እጅግ የሚያስደስተው ይህ ነው፤ ስም ሁልጊዜ አይሳሳትም።

ከኖርማኖች ወረራ በኋላ ስሙ እያጠረ ሄዶ በዐሥራ ሦስተኛው ምእተ ዓመት ዮርክ የሚለው መልክ በጽሑፍ ይታይ ጀመር። በእኛ ፊደል ብንጽፈው ኤቡራኮን አምስት ፊደል፣ ዮርክ ሦስት ፊደል ነው። ብሪታናውያን፣ ሮማውያን፣ አንግሎች፣ ቫይኪንጎችና ኖርማኖች፣ አምስት ሕዝብ አንዱን ቃል እየተቀባበለ አኘከው፤ የጣለው ግን አልነበረም።

እስካሁን ስሙ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ከእንግሊዝ አገር የወጣው በሌላ መንገድ ነው፤ ይኸውም በሹመት ነው። በ1385 ዓ.ም. የንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ልጅ ኤድመንድ የዮርክ ዱክ የሚል ማዕርግ ተሰጠው። ዱክ በእኛ አነጋገር መስፍን እንደ ማለት ነው፤ ነገር ግን መስፍኑ ማዕርጉ በሚጠራበት ከተማ ይቀመጣል ማለት አይደለም። አባቶቻችን ይህን በዓይናቸው አይተውታል። በ1930 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል የእንግሊዝን ንጉሥ ወክሎ የመጣው ልዑል ሄንሪ የግሎስተር መስፍን ይባል ነበር፤ ነገር ግን የንጉሥ ልጅ እንጂ የግሎስተር ከተማ ሰው አልነበረም። በዚያው ጊዜ የዮርክ ዱክ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ እርሱም በ1936 ዓ.ም. ጊዮርጊስ ስድስተኛ ተብሎ ነገሠ። ከዐሥራ አምስተኛው ምእተ ዓመት ወዲህ የዮርክ ዱክነት ብዙውን ጊዜ ለንጉሡ ሁለተኛ ልጅ የሚሰጥ ማዕርግ ሆኖ ኖሯል። ይህን ልብ ያላለ ሰው የቀረውን ታሪክ ሊረዳው አይችልም፤ እኛም በመጀመሪያ የዮርክ ሰዎች ወደ አሜሪካ ተሰድደው ከተማ የቈረቈሩ መስሎን ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ኒው ዮርክ በምትባለው ስፍራ በማንሃተን ደሴት ላይ ከተማ የቈረቈሩት ሆላንዶች ናቸው፤ ስሟንም በዋና ከተማቸው ስም ኒው አምስተርዳም ብለዋት ነበር። በ1664 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ፣ ሆላንዶች የያዙትን ይህን አገር ለወንድሙ ለያዕቆብ በደብዳቤ ሰጠው። የሰው አገር እንዴት ይሰጣል ቢባል፣ የዚያ ዘመን ነገሥታት ይህን የመሰለ ጥያቄ ብዙ አያስጨንቃቸውም ነበር። ያዕቆብ የዮርክ ዱክ ነበርና ሪቻርድ ኒኮልስ የተባለውን መኰንን በአራት መርከብ ወታደር አስጭኖ ላከው።

በኒው አምስተርዳም በዚያን ጊዜ የሚኖረው ሕዝብ 1,500 ያህል ነበር። አገረ ገዥው ፔተር ስታይቨሰንት አንድ እግሩ የእንጨት፣ ጠባዩም ብርቱ የሆነ ሽማግሌ ወታደር ነበር። እንግሊዞቹ «እጃችሁን ብትሰጡ ንብረታችሁና ነፃነታችሁ ይጠበቅላችኋል» የሚል ደብዳቤ በላኩለት ጊዜ፣ ሕዝቡ ቢያየው ልቡ ይከዳል ብሎ ቀደደው። ወሬው ግን ተሰማና የከተማው ሰዎች መጥተው ደብዳቤውን አሳየን አሉት፤ ቅዳጁም ተለቅሞ ተገጣጠመና ተነበበ። ምሽጉ የተጐሳቈለ፣ ባሩዱም ጥቂት ስለ ነበር፣ 93 ሰዎች «ከምናልቅ እንታረቅ» የሚል መንፈስ ያለበት ማመልከቻ ፈርመው አቀረቡ፤ ከፈራሚዎቹም አንዱ የገዛ ልጁ ነበር። ሽማግሌው ከዚህ በኋላ ብቻውን ሊዋጋ አልቻለም። በመስከረም መጀመሪያ አንድ ጥይት ሳይተኰስ ከተማይቱ ተላለፈች፤ ስሟም ለዱኩ ክብር ኒው ዮርክ ተባለ። ያዕቆብ የእስኮትላንድ ማዕርጉ የኦልባኒ ዱክ ስለ ነበር፣ በዚያው ግዛት በወንዙ ላይኛ በኩል ያለችው ሌላዋ የሆላንዶች ሰፈር ደግሞ ኦልባኒ ተባለች። አንድ ሰው በሁለት ማዕርጉ ሁለት ከተማ ሰየመ፤ ወደ አሜሪካ ግን በዘመኑ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አልሄደም።

በ1673 ዓ.ም. ሆላንዶች ተመልሰው ከተማይቱን ያዙና ኒው ኦራንጅ አሏት። በማግሥቱ ዓመት በውል መልሰው ቢሰጧት እንደ ገና ኒው ዮርክ ሆነች። ሃርለምና ብሩክሊን የሚባሉት የሆላንድ ስሞች ግን በየሰፈሩ ቀርተዋል። የደሴቲቱም ስም ማንሃተን የሌናፔ ሕዝብ ቃል ነው፤ ስለ ቋንቋው የመረመሩ ሊቃውንት ከሚሰጧቸው ፍቾች አንዱ «ለደጋን የሚሆን እንጨት የሚለቀምበት ስፍራ» የሚል ነው። የእንግሊዙም ስም መነሻ ደጋን የሚሠራበት ዛፍ መሆኑን ከላይ ጽፈናል። ነገሩ እንዲያው አጋጣሚ ነው፤ ግን ሳንጽፈው ብንቀር ይቈጨን ነበር።

ስለ ያዕቆብ ይህን ብቻ ጽፈን ብናልፍ ታሪኩን ማጕደል ይሆንብናል። ይህ ዱክ ከአፍሪቃ ጠረፍ ሰዎችን እየገዛ በአሜሪካ ደሴቶች ይሸጥ የነበረው የእንግሊዝ ነጋዴዎች ማኅበር አለቃ ነበር፤ በ1672 ዓ.ም. እንደ ገና የተቋቋመው ይህ ማኅበር «የንጉሣዊ አፍሪቃ ኩባንያ» ይባል ነበር። ከተሸጡት ሰዎች በአንዳንዶቹ ገላ ላይ የዱኩ ማዕርግ የመጀመሪያ ፊደላት በጋለ ብረት ይተኰሱ ነበር። እንግዲህ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ሰው ምክንያት፣ ይኸው ስም በከተማ ካርታ ላይ በቀለም፣ በሰው ቈዳ ላይ በእሳት ተጻፈ። ያዕቆብ በ1685 ዓ.ም. ነግሦ በ1688 ዓ.ም. ከዙፋኑ ወርዶ በ1701 ዓ.ም. በስደት በፈረንሳይ ሞተ። የሰየማት ከተማ ግን በ2020 ዓ.ም. ቈጠራ 8.8 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት።

በዚህች ከተማ ስለ አገራችን የሚነገር አንዳንድ ነገርም አለ። ከ1808 ዓ.ም. ጀምሮ «የአቢሲንያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን» የሚባል የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን አለባት፤ ስም ከእንግሊዝ ብቻ ሳይሆን ከእኛም በኩል ተሻግሮ ሄዷል ማለት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በጄኔቭ ከተናገሩ ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1963 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት የተናገሩት በኒው ዮርክ ነው።

ስለ ሌሎቹ ዮርኮች በአጭሩ እናውሳ። በአሜሪካ በሜይን ግዛት ያለችው ዮርክ በ1652 ዓ.ም. የተሰየመች በመሆኗ ከኒው ዮርክ ትቀድማለች። በካናዳ የሃድሰን ቤይ ኩባንያ የቈዳ ንግድ ጣቢያ ዮርክ ፋክተሪ በ1684 ዓ.ም. በዚያው በያዕቆብ ማዕርግ ተጠርቶ እስከ 1957 ዓ.ም. ሲሠራ ኖረ። በፔንሲልቫንያ ያለችው ዮርክ ከ1777 እስከ 1778 ዓ.ም. እንግሊዞች ፊላዴልፊያን በያዙ ጊዜ የአሜሪካ ጉባኤ የተቀመጠባት ናት፤ በእንግሊዝ ላይ ያመፁት ሰዎች በእንግሊዝ ስም በተጠራች ከተማ መሸሸጋቸው ይገርማል። ኬፕ ዮርክን በ1770 ዓ.ም. የሰየመው መርከበኛው ጄምስ ኩክ ሲሆን፣ ያከበረውም ሌላ የዮርክ ዱክ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የሞተውን ልዑል ኤድዋርድን ነው። በምዕራብ አውስትራልያ በ1831 ዓ.ም. የተቈረቈረችው ዮርክ ግን ከእነዚህ ትለያለች፤ ሰፋሪዎቹ አገሩን ባዩት ጊዜ ዮርክሻየር የሚባለውን አውራጃ ስለ መሰላቸው ያወጡላት ስም ነው። በናፍቆት የወጣ ስም ያገኘነው ይህን አንዱን ብቻ ነው።

ዮርክ የሚባል ሰውም ነበር። በ1804 ዓ.ም. ሉዊስና ክላርክ የተባሉት መኰንኖች ከሚዙሪ ወንዝ ተነሥተው እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ሲጓዙ፣ የክላርክ ባሪያ የነበረው ጥቁሩ ዮርክ አብሯቸው ሄዶ በ1806 ዓ.ም. ተመልሷል። ጓደኞቹ እጥፍ ደመወዝና መሬት ሲሰጣቸው፣ እርሱ ምንም አልተሰጠውም።

ስሙን የመለሰች ከተማ ግን አለች። በ1793 ዓ.ም. የላይኛው ካናዳ ምክትል ገዥ ጆን ግሬቭስ ሲምኮ በኦንታርዮ ሐይቅ ዳር ቶሮንቶ በሚባለው ስፍራ ከተማ ሲመሠርት፣ የንጉሥ ጊዮርጊስ ሦስተኛ ሁለተኛ ልጅ ልዑል ፍሬድሪክ በፍላንደርስ ጦርነት ድል አደረገ የሚል ወሬ ሰምቶ ከተማይቱን በዱኩ ማዕርግ ዮርክ አላት። ዮርክ ተብላ 41 ዓመት ኖረች። በ1813 ዓ.ም. የአሜሪካ ወታደሮች ገብተው የምክር ቤቷን ሕንፃ አቃጠሉት። መንገዷ ጭቃ ስለ ነበረም «ጭቃማዋ ዮርክ» የሚል ቅጽል ወጣላት፤ ከኒው ዮርክ ለመለየትም «ትንሿ ዮርክ» ይሏት ነበር። ይህን የሚወድ ከተማ የትም አይገኝም። በ1834 ዓ.ም. የከተማ ማዕርግ በተሰጣት ጊዜ ነዋሪዎቿ የተውሶውን ስም ትተው የቀድሞውን ቶሮንቶን መለሱ። ቶሮንቶ በሞሆክ ቋንቋ «ዛፎች በውሃ ውስጥ የቆሙበት» ማለት ነው። ዮርክ የሚለውም ስም ጨርሶ አልጠፋም፤ በከተማይቱ ዙሪያ እስከ 1998 ዓ.ም. ኖርዝ ዮርክና ኢስት ዮርክ የሚባሉ ራሳቸውን የቻሉ አስተዳደሮች ነበሩ፤ በ1959 ዓ.ም. የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲም ዮርክ ይባላል።

እኛ የቶሮንቶን ሰዎች ሥራ ወደድነው። ከክፍላችን ግን አንዳንዶቹ አልተስማሙም፤ «ስም አንዴ ከወጣ የኖረበት ሕዝብ ነው፣ ማን አወጣው ተብሎ አይጠየቅም» የሚሉ ነበሩ። የኒው ዮርክ ሰዎችም ስለ ያዕቆብ ሳያስቡ በስማቸው ኰርተው ይኖራሉና ይህ ክርክር ያለ ፍርድ ቀረ።

አሮጌዋ ዮርክ ዛሬ 200,000 ያህል ሕዝብ አላት፤ በስሟ ከተጠራችው ከተማ ጋር ስትነጻጸር አንድ ሰፈር ትሆናለች። የድንጋይ ቅጥሯ አሁንም ቆሟል። በታላቁ ካቴድራል አጠገብ በ1998 ዓ.ም. የተሠራ የቆስጠንጢኖስ የነሐስ ሐውልት አለ፤ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ሰይፉን ይመለከታል። በዚሁ ከተማ ስም የሚሾመው ሊቀ ጳጳስም ደብዳቤ ሲጽፍ ከመጀመሪያ ስሙ ቀጥሎ የሚፈርመው ዮርክ ብሎ አይደለም። ኤቦራኩም የሚለውን አሳጥሮ «ኤቦር» ብሎ ነው።